መጀመሪያ ከበሮውን ብቻ

ጋሽ ሙሜ ማረፋቸውን የሰማሁት ዓርብ ጧት ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀበሩ፤ ቅዳሜ ሐዘን ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ገና ተቀምጬ ነጠላዬን ሳላስተካክል፣ ፊት ወንበር የተሰጠው በላቸው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ “ምስኪን፣ ጆሮ አልነበረውም እንጂ ደህና ሰው ነበር” አለ። አጠገቡ ያሉት ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዲት ጎረቤትም፣ “እኔማ በር ሳንኳኳ ስለማይሰሙኝ ምሳቸውን በመስኮት ነበር የማቀብላቸው” ብላ ጨመረች። አላህ ይርሐማቸው ተባለ፤ ሻይ ዞረ።

ሻዩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ተናድጄ ነበር። በዚህች ከተማ፣ አሰበ ተፈሪ በምትባልበት ጊዜም ሆነ ጭሮ ከተባለች ወዲህ፣ ጆሮ ያለው አንድ ሰው ቢኖር ጋሽ ሙሜ ነበሩ። ሌሎቻችን ጆሮ የተሰጠን መነጽር እንድናንጠለጥልበት ነው። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ያ ሰው ደንቆሮ የተባለው በእኔ ጦስ ነው።

ታደለች እባላለሁ። ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበርኩ። ስለ እኔ ይህ ይበቃል። በላቸው ደግሞ ያኔ “ጓድ በላቸው” ነበር፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር። አሁን የዕድር ዳኛ ነው። በላቸው ከወንበር ወርዶ አያውቅም፤ የሚለዋወጠው የወንበሩ ስም ነው።

ጋሽ ሙሜ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ተቀባይ ነበሩ። ቲክ ቲክ የሚለውን ሰምቶ ፊደል ማውጣት ነው ሥራው። አንዲት ቲክ ካመለጠችህ የሰው አባት ሳይሞት ይሞታል። እሳቸው፣ “ሃያ ዓመት ስሠራ ያለ ቀኑ የገደልኩት ሰው የለም፣ አልሐምዱሊላህ” እያሉ ይኩራሩ ነበር።

ሸክላዎቹንም ያገኙት እዚያው ጣቢያ ነው። ሆቴሉ የተወረሰበት አንድ ግሪክ አገሩ ሊገባ ባቡር ሲጠብቅ፣ ሸክላ ማጫወቻውንና ሁለት ሣጥን ሸክላ አደራ ብሏቸው ሄደ። “ይሄ ሮክ ይባላል፤ ደህና አድርገህ ካዳመጥከው ታሪክ አለው” ያላቸው እሱ ነው። ታሪኩን ግን ሳይነግራቸው ባቡሩ መጣ፤ እሱም በዚያው ቀረ። ሣጥኖቹ መጋዘን ውስጥ ሲከርሙ የሚኤሶ ምስጥ የካርቶኑን ልባስ ሁሉ፣ ሸክላው መሀል ላይ የተለጠፈችውን ክብ ወረቀት ሳይቀር ጠርጎ በላው። የዘፋኙ ስም የለ፣ ያገሩ ስም የለ፣ ዓመቱ የለ። የቀረው ጥቁር ክብ ነገር ብቻ ነው።

“ምስጥ ጽሑፉን በላ፤ ድምፁን ግን ጥርሱ አልቻለውም” አሉ ጋሽ ሙሜ። ጡረታ ወጥተው አሰበ ተፈሪ ሬዲዮ መጠገኛ ሲከፍቱ ያንን ታሪክ በጆሯቸው ብቻ ሊያወጡት ተነሡ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸውን ዘግተው፣ የሚፈልግ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው ያስተምሩ ጀመር። ልብስ ሰፊ ይመጣል፣ የሐኪም ቤት መርፌ ወጊ ይመጣል፣ ጫት ነጋዴዎች ይመጣሉ። ክፍያ የለም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠየቀው።

በዚያን ጊዜ ከአምስት ሰው በላይ የተሰበሰበበት ሁሉ ቃለ ጉባኤ ይያዝ ነበር። በላቸው፣ “ሂጂና የሚሉትን ጻፊ” ብሎ ላከኝ። ደብተሬን ይዤ ስገባ ስድስት ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል።

“አጀንዳው ምንድን ነው?” አልኳቸው።

“ከበሮ” አሉኝ ጋሽ ሙሜ። መርፌውን አነሡና፣ “ዱራ ዲቤ” አሉ በኦሮምኛ፤ ወዲያው ለእኔ ብለው ወደ አማርኛ መለሱት። “መጀመሪያ ከበሮውን ብቻ፣ ልጄ። ዘፋኙ ቢለምንሽም እንዳትሰሚው።”

ሕጋቸው ይህ ነበር። አንድ ዘፈን አራት ጊዜ ይሰማል። መጀመሪያ ከበሮው ብቻ፤ ሁለተኛ ወፍራሙ ክር፣ ቤዝ የሚባለው ጊታር ብቻ፤ ሦስተኛ ዘፋኙ። በአራተኛው ሁሉም አንድ ላይ። ከዚያ በኋላ ነው መናገር የሚፈቀደው፣ እሱም የሰሙትን ብቻ። “መሰለኝ” ያለ ሰው ውጭ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሁለቴ ወጥቻለሁ።

የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ አሁንም በቃሌ አስታውሰዋለሁ። “ስድስት ሰዎች ለአንድ ሰዓት ዝም አሉ። ከዚያ ልብስ ሰፊው፣ ከበሮ መቺው ቀኝ እግሩ ከግራ እጁ ትንሽ ይቀድማል ሲል አስተያየት ሰጠ። ስብሰባው በሰላም ተበተነ።” በላቸው አንብቦ ፊቱ ጠቆረ።

“ስድስት ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ምንድን ነው የሚያሤረው?”

“ከበሮ እየሰሙ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።”

“ይሁን። ግን ከበሮ የሚመታው ሰው መደቡ ምንድን ነው? ይሄን ጠይቀሽ ነይ።”

በሚቀጥለው እሑድ ጠየቅኋቸው። ጋሽ ሙሜ ሳይስቁ አሰቡበትና፣ “ከኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ሁሉም ፊቱ ይቆማሉ፣ ላቡ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ትንፋሹ ይሰማል እኮ” አሉ። በላቸው ይህን ሲሰማ ከበሮ መቺው ወዛደር መሆኑን ወሰነ፤ ትምህርቱም እንዲቀጥል ፈቀደ። እንዲህ ነው ሮክ በአሰበ ተፈሪ ሕጋዊ የሆነው።

እኔ ግን ቀስ በቀስ ደብተሬን መርሳት ጀመርኩ። እንዴት ያለ ትምህርት ነበር! ጋሽ ሙሜ ስም የሌላቸውን ሸክላዎች ቅደም ተከተል የሚያወጡት፣ “ሌባ ሁልጊዜ ከባለቤቱ በኋላ ነው የሚመጣው” በሚል መመሪያ ነው። አንዱ ሸክላ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻውን ጊታር ይዞ፣ በእግሩ ወለሉን እየመታ ያንጎራጉራል። ሌላው ላይ ደግሞ ጎረምሶች ያንኑ አመታት፣ ያንኑ የጉሮሮ መሰበር አፍጥነው ይጫወቱታል። “ይሄ ድምፅ የልጆቹ አይደለም፤ ከሽማግሌው ነው የወሰዱት” አሉን። ሽማግሌውን “አያትየው” ብለን ሰየምነው። ሮክ ከአያትየው ቤት መውጣቱን ያወቅነው ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ሬዲዮ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ በመስማት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሸክላ ላይ ጊታሩ ይሻክራል፤ የተቀደደ ስፒከር ነው የሚመስለው። ጋሽ ሙሜ የስንት ሰው ስፒከር ጠግነዋል፣ መጀመሪያ መርፌያቸውን ጠረጠሩ። ወለወሉት። ከዚያ የራሳቸውን ስፒከር ፈቱት። ሦስት እሑድ ካዳመጡ በኋላ ተነሥተው ቆሙና፣ “አቦ፣ ሰውየው አውቆ ነው ያበላሸው” አሉ። “ሲጨርስ ያጠራዋል፣ ሲጀምር ይቀደዋል። አንድ ሰው ደህናውን ድምፅ አውቆ የሚቀደው ሊናገር የፈለገው ነገር በደህናው ድምፅ አልወጣ ሲለው ነው።” ያን ዕለት ልብስ ሰፊው አለቀሰ። ለምን እንዳለቀሰ አልጻፍኩም፤ እሱም ስላልተናገረ።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በላቸው እሑድን የዘመቻ ሥራ ቀን አደረገውና ትምህርቱ ወደ ቅዳሜ ተዛወረ። ቅዳሜ ገበያ ነው። ገበሬዎች ከመሰላም ከቦኬም ማሽላ ጭነው ይመጣሉ፤ ከጋሽ ሙሜ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው የሐጂ ኢብሮ ወፍጮ ሲፈጭ ይውላል። ጋሽ ሙሜ መርፌ እንዳያልቅባቸው የቆየውን ሸክላ ደግመው አያጫውቱም ነበር፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ሣጥን የከፈትነው ቅዳሜ ነው።

ከሁለተኛው ሣጥን የወጣው ሁሉ ሐዘን ሆነ። ከበሮው ይጎተታል። ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሰው በወፍራም ድምፅ ያቃስታል። ሴት ዘፋኞቹ ራሳቸው በድምፅ ወንድ ሆነዋል። ጋሽ ሙሜ አራት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ ሰሙ። በመጨረሻ፣ “እነዚህ ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር ደርሶባቸዋል” አሉ። “አገራቸው ላይ አንድ ነገር ወድቋል።” ይህንን “የሐዘን ዘመን” አሉት። ሁለት ወር አስተማሩን። መርፌ ወጊው ከክፍል ወጥቶ ሰው ሳያናግር ቤቱ ይገባ ነበር።

እኔ ታዲያ አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ። በላቸው ሲያነብ ከወንበሩ ብድግ አለ። “ይሄማ የካፒታሊዝም ቀውስ ነው! በጆሮ የተረጋገጠ!” አለ። በሦስት ቅጂ አስተይቦ ወደ ላይ ላከው። ከላይ አድናቆት መጣ። አድናቆት ደርሶት የማያውቅ ሰው አድናቆት ሲደርሰው አያድርስ ነው፤ ደብዳቤውን በመስታወት አስገጥሞ ሰቀለው። ቀጥሎም አንድ ትልቅ ጓድ ቀውሱን በጆሯቸው ሊሰሙ በመጪው ረቡዕ እንደሚመጡ ተነገረ።

ጓዱ ከመምጣታቸው በፊት ባለችው ቅዳሜ፣ ሦስተኛውን ማዳመጥ ላይ ሳለን፣ የሐጂ ኢብሮ ወፍጮ ቺንጋ፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበጠሰ። ወፍጮው ፀጥ አለ። በዚያው ቅጽበት ዘፋኙ ከጉድጓዱ ወጣና መጨፈር ጀመረ። እውነቴን ነው። ያ ሁለት ወር ያለቀስንለት ሰውዬ ለሠርግ የሚሆን ዘፈን ነበር የሚዘፍነው።

ጋሽ ሙሜ መርፌውን አነሡ። መንገዱን ተሻግረው ሐጂ ኢብሮ ዘንድ ገቡ። ቺንጋው ሲጠገን ወፍጮውን ሦስት ጊዜ አስነሥተው ሦስት ጊዜ አስቆሙት፤ እኛ ከሱቁ ውስጥ ሸክላው ሲያዝንና ሲደሰት እንሰማለን። የከተማው ጀነሬተር ያረጀ ነው፤ ወፍጮው ሲነሣ ጉልበቱን ስለሚወስደው ሸክላ ማጫወቻው ይዘገያል። አምፑሉም ይፈዝ ነበር፤ ሁላችንም ሲፈዝ እናየው ነበር። ተመልሰው ሲገቡ ፊታቸው ዱቄት ሆኗል፤ አልጠረጉትም።

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አሉ ቆመው። “የኤሌክትሪክ ሰው ሆኜ፣ ከበሮ ስሙ እያልኩ፣ ወፍጮውን አልሰማሁትም። ሁልጊዜ የሚጮህ ነገር አይሰማም፣ ልጆቼ። ሁለት ወር ያስተማርኳችሁ ሐዘን የሐጂ ኢብሮ ወፍጮ ነው። አውፍ በሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።”

በየሳምንቱ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ስብሰባ ነበረን፤ ሁላችንም በየተራ እየተነሣን አንዳንድ አነስተኛ ድክመቶች አሉብኝ እንል ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የሰማሁት እውነተኛ ግለ ሂስ ግን ይህ አንዱ ብቻ ነው። እሱም ስለ ሸክላ።

ለበላቸው ስነግረው ለጥቂት ጊዜ የፊቱ ቀለም ጠፋ። ከዚያ መልሶ አገኘው። “ረቡዕ ወፍጮው ይሠራል” አለ።

“ረቡዕ ገበያ የለም፤ የሚፈጭ እህል የለም።”

“ይሠራል አልኩሽ።”

ሐጂ ኢብሮ፣ “ባዶ ወፍጮ ድንጋዩን ይበላዋል፣ አቦ” ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ ከቀበሌው ሱቅ አንድ ኩንታል ማሽላ ተሰጣቸውና ያንኑ ኩንታል ደጋግመው እንዲፈጩ ታዘዙ። ሦስተኛው ላይ ዱቄቱ ተኖ ጎረቤቱን ሁሉ አስነጠሰው። ካፒታሊዝም እንዲያዝን ያልከፈልነው የለም።

ጓዱ መጡ። ወፍራም ደብተር የያዙ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። ጋሽ ሙሜን በላቸው አስቀድሞ፣ “ማጫወት ብቻ፤ ንግግር የለም” ብሏቸዋል። እሳቸውም ሸክላውን አስቀመጡ። ከበሮው ተጎተተ፣ ዘፋኙ አቃሰተ፣ ጓዱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። በላቸው ፈገግ አለ። አለቀ።

ያኔ ጋሽ ሙሜ በሩ ላይ ወጡና ትከሻቸው ላይ ያለውን ሽርጥ አነሡት። ከሐጂ ኢብሮ ጋር የተስማሙበት ምልክት ነበር። ወፍጮው ቆመ። ተመልሰው ገብተው ያንኑ ሸክላ እንደገና አስቀመጡ። ዘፈኑ ሲፈነድቅ የጓዱ ሹፌር ትከሻ፣ ከሰውየው ፈቃድ ውጭ፣ ሁለቴ ተንቀሳቀሰ።

“ሐዘኑ የወፍጮው ነው፣ ጌታዬ” አሉ ጋሽ ሙሜ። “ተሳስቼ አስተምሬያለሁ። ይታረምልኝ ብዬ ነው።”

ጓዱ ደብተራቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ከዚያ በላቸውን፣ “በሪፖርቱ ላይ ያለው የትኛው ነው?” ብለው ጠየቁት።

“የመጀመሪያው፣ ጓድ። የሚያዝነው።”

“ያንን ሪፖርት እኔም ወደ ላይ አሳልፌዋለሁ” አሉና ወደ እኔ ዞሩ። “ጸሐፊ፣ ሸክላው ስንት ጊዜ ተሰማ?”

ሁሉም እኔን አዩ። ጋሽ ሙሜ ግን አላዩኝም፤ መርፌያቸውን እየወለወሉ ነበር። በዚያ ሱቅ ውስጥ አራት ጊዜ መስማትን የተማርኩ ሰው ነኝ። አፌን ስከፍት የወጣው፣ “አንድ ጊዜ” የሚል ነው። ጻፍኩት። ፈረምኩበት።

ጓዱ ሸክላውንም ማጫወቻውንም በመኪናቸው ጭነው፣ ለትልቅ ጉባኤ ማስረጃ ይሆናል ብለው ድሬዳዋ ወሰዱት። እንግዲህ ድሬዳዋ መብራቱ የባቡር ከተማ መብራት ነው፤ ወፍጮ አያስደነግጠውም። አዳራሽ ሙሉ ሰው የካፒታሊዝምን እሪታ ሊሰማ አንገቱን ደፍቶ ሲጠብቅ ያ ሰውዬ ፈንድቆ ወጣ። ድሬዎች ደግሞ ድሬዎች ናቸው። የኋለኛው ረድፍ እጁን ማጨብጨብ ጀመረ፣ መካከለኛው ተቀበለ፣ ጉባኤው በጭፈራ ተበተነ ብለው የነገሩን አሉ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሙሜ በአሻጥር ተከሰሱ። “ሸክላውን በሚስጥር ለውጠሃል” ተባሉ። በዚያን ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል በተጻፈበት ወረቀት እስር ቤት የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም ነበር። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ተቀመጠ፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ማስረጃው ደግሞ የእኔ ቃለ ጉባኤ ነው፤ አንድ ጊዜ ተሰማ፣ እሱም ሐዘን ነበር። ሁለቴ ተሰማ ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ሰውየው አስቀድመው መናገራቸው ይታወቅና ነፃ ይወጡ ነበር። ሐጂ ኢብሮ እንዳይመሰክሩ ወፍጮህ ይወረሳል ተብለዋል። ተማሪዎቹ ረቡዕ ሱቁ ውስጥ ስላልነበሩ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ተነሥቼ ዋሽቻለሁ ማለት ነበረብኝ፤ እስክሪብቶው በእጄ አለ፣ እኔ ግን ቀና ሳልል የሚሉትን እየጻፍኩ ቀጠልኩ።

“አንተ ወፍጮውን አስቁሜ አሰምቻለሁ ትላለህ” አለ በላቸው፤ እሱ ራሱ እዚያ ቆሞ ሰምቶ! “ቃለ ጉባኤው ደግሞ አንድ ጊዜ ይላል። እንግዲህ የሕዝብ ሰነድ ሐሰት ነው እያልክ ነው? ጸሐፊዋ ዋሽታለች?”

ያኔ ጋሽ ሙሜ አዩኝ። አዎ ቢሉ እሳቸው ወጥተው እኔ ነኝ የምገባው። አስተያየታቸውን የሚገልጽ ቃል እስካሁን አላገኘሁም፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

“ምን አልክ?” አሉ።

በላቸው ጮክ ብሎ ደገመላቸው።

“ጸሐፊዋ የጻፈችው ልክ ነው” አሉ ጋሽ ሙሜ። “ጥፋቱ የእኔ ጆሮ ነው። ከከዳኝ ቆይቷል፤ አፍሬ ነው ያልተናገርኩት። ሁለቴ የተሰማ መስሎኝ ነው።”

መሰለኝ አሉ። ያ ሰው፣ መሰለኝ ያለን ሁሉ ውጭ ድንጋይ ላይ የሚያስቀምጡት ሰው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ደንቆሮ የሙዚቃ መምህር! ለሁሉም የሚስማማ መልስ ነበር። በላቸው በደንቆሮ ተታለለ፤ ጓዱም በበላቸው ተታለሉ፤ ማንም ጥፋተኛ አልሆነም። ሸክላዎቹ ተወረሱ፣ ሁለተኛ እንዳያስተምሩ ተፈረደ፣ ጋሽ ሙሜም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ሱቃቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። “ተይ” አሉኝ። “አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ብዙ የምትሰሚው አለ። እኔ ሰምቼ ጨርሻለሁ።” ከዚያ በሩን ዘጉትና፣ “ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ አልሰማም እኮ” አሉ። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ለደንቆሮ ሬዲዮ የሚሰጥ ሰው የለምና ሥራው ቆመ። ፋኖስና ጃንጥላ መጠገን ጀመሩ። ከተማው ሁሉ ይጮህባቸው ጀመር፤ ልጆች ከኋላቸው ጣሳ ይመታሉ፣ እሳቸው ዞረው አያዩም። እኔ ግን አንድ ቀን ከኋላ ሆኜ ሳይ፣ የጣሳውን ምት ጣታቸው ጭናቸው ላይ ይቆጥር ነበር።

በላቸው ግን ከዚህ አንድ ነገር አተረፍኩ ብሎ ነበር። ሚስጥር የሚያወራበት ቦታ አገኘ። የደንቆሮ ሱቅ ነዋ! ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል፣ አግዳሚው ላይ ተደላድሎ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ሐሙስ ከየትኛው ሰፈር አፈሳ እንደሚደረግ እዚያው ይነጋገራሉ። ጋሽ ሙሜ ጃንጥላቸውን ይሰፋሉ። ሐሙስ ሲደርስ ሰፈሩ ውስጥ አንድ ጎረምሳ አይገኝም፤ ሁሉም ቦኬ አክስቱ ሞታበት ሄዷል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከአሰበ ተፈሪ ጎረምሶች አክስት ያልሞተበት የለም። በላቸው ሚስጥር የሚያወጣው ማን እንደሆነ ለማጣራት አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ስብሰባው እንዳይሰማ ደግሞ ጋሽ ሙሜ ሱቅ ውስጥ አደረገው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ሮጬ ሄድኩ። “ጋሽ ሙሜ፣ አሁን ሰዎቹ ሄደዋል። አሁን ይናገሩ፤ እኔም እናገራለሁ” አልኳቸው።

“ሰዎቹ ሄዱ እንጂ ቃለ ጉባኤው አለ” አሉኝ። “በላቸውም ተመልሶ ይመጣል፤ ታያለሽ። አንቺ አሁን አስተማሪ ሆነሻል፣ ልጆች ወልደሻል፤ የሐሰት ጸሐፊ እንዲሉሽ አልፈልግም። ደግሞ ለምጄዋለሁ፣ ወላሂ። ሰው የማይረባ ወሬ ይዞ አይመጣብኝም።” ይህን ሲሉ ከቀልድ ጀርባ ድካም ነበረበት። እኔም ተመቸኝ። አዎ፣ ተመቸኝና ዝም አልኩ። በዚያው ዝምታ ልጆቼን አሳደግሁ፣ ጡረታ ወጣሁ፤ ሰዉም ሲጮህባቸው ኖረ።

ቅዳሜ ከድንኳኑ ወጥቼ ቤቴ የገባሁት ሻዩን ሳልጠጣ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት አወጣሁ። የድሮው ደብተር የት እንደገባ አላውቅም፤ ምናልባት ምስጥ በልቶታል። የጻፍኩትን ሰኞ ይዤ ወደ ሐዘኑ ድንኳን ሄድኩ፣ በላቸው እንደ ልማዱ ፊት ወንበር ላይ ነበር። ቆሜ አነበብኩት፤ የድንኳኑ ወሬ ስላልቆመ ሁለቴ ነው የጀመርኩት።

“ማረሚያ። በዚያ ረቡዕ በጋሽ ሙሜ ሱቅ ሸክላው የተሰማው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ወፍጮው እየሠራ፤ ቀጥሎ ወፍጮው ቆሞ። በሁለተኛው ጊዜ ከበሮው ፈጣን ነበር፣ ዘፋኙም ደስተኛ ነበር። እኔ ሰምቻለሁ፤ ጓድ በላቸውም ሰምቷል። የጋሽ ሙሜ ጆሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ደህና ነበር። አንድ ጊዜ ብዬ የጻፍኩት እኔ ታደለች ነኝ። ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። ፈርቼ ነው።”